ለአንዱ ሁለት፣ ለሌላው አሥር

«ሞሮኳውያን አይዋሃዱም።» ስፔን ውስጥ ይህን አባባል ለመስማት የቀኝ አክራሪዎች ስብሰባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የታክሲ ሹፌሩ ይለዋል፣ የቴሌቪዥን ተንታኙ ይለዋል፣ ግሪንሃውሱ ውስጥ ሃያ ሞሮኳዊ ያሰማራው ገበሬም ይለዋል። ዘረኝነትን አጥብቀው የሚጸየፉ መምህራንና ሐኪሞች እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሉታል። ተከትሎ የሚመጣው ማብራሪያም ያው ነው፤ ኢኳዶራዊውና ኮሎምቢያዊው መጥተው ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀሉ፣ ሞሮኳዊው ግን ሃይማኖቱንና ሰፈሩን ይዞ ለብቻው ተቀመጠ፤ እንግዲህ ባህሉ ነው፣ ምን ይደረጋል?

እኔ ደግሞ ነገሩ ከባህል በፊት የወረቀት ጉዳይ ነው እላለሁ። በስፔናውያንና በሞሮኳውያን መካከል ያለው ርቀት ከሞሮኮዋ ናዶር በሻንጣ ተጭኖ የመጣ አይደለም። ማድሪድ ላይ በአንቀጽ ተጽፎ፣ በአልሜሪያና በኡኤልቫ እርሻዎች በኮንትራት ተፈርሞ የተሠራ ነው። ራስ የሠሩትን ርቀት የመጣው ሰው ጠባይ አድርጎ ማውራት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

የምናወራው ስለ ጥቂት ሰው አይደለም። የሞሮኮ ዜግነት ይዘው ስፔን የሚኖሩት 900 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ሞሮኮ ተወልደው የስፔን ዜግነት ያገኙት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። አገሪቱ ውስጥ ካሉት የውጭ ዜጎች በብዛት ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው። ካታሎኒያ፣ አንዳሉሲያ፣ ሙርሲያና ማድሪድ ዋና ዋና መኖሪያዎቻቸው ናቸው።

ማነጻጸሪያው የላቲን አሜሪካ ሰው ነውና ከዚያው እንጀምር። በስፔን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 22 መሠረት አንድ ኮሎምቢያዊ ዜግነት ለመጠየቅ ሁለት ዓመት በሕጋዊ ፈቃድ መኖር ይበቃዋል። ፔሩያዊውም፣ ፊሊፒንሳዊውም፣ የኢኳቶሪያል ጊኒ ሰውም፣ ፖርቱጋላዊውም እንዲሁ። ሞሮኳዊው አሥር ዓመት ይጠብቃል። አሥሩም መቆጠር የሚጀምሩት ወረቀት ከተገኘበት ቀን ነው። በጀልባ ገብቶ ወይም ቪዛው አልቆበት ያለ ፈቃድ የሠራባቸው ዓመታት ከቁጥር አይገቡም። ከማመልከቻው በኋላ ደግሞ ፋይሉ ቢሮ ውስጥ የሚከርምበት ጊዜ አለ። በ20 ዓመቱ ቲማቲም ለመልቀም የገባ ልጅ ዜጋ ሆኖ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ጎልማሳ ይሆናል። በዚያ ላይ የቋንቋ ፈተና አለበት፤ ኮሎምቢያዊው የለበትም፣ ይህስ ይሁን። ግን ደግሞ ሞሮኳዊው ዜግነቱን ሲቀበል የቀድሞውን ትቻለሁ ብሎ መዝገብ ሹም ፊት ማወጅ አለበት፤ ኮሎምቢያዊው ሁለቱንም ይዞ ይኖራል። አስቂኙ ነገር የሞሮኮ መንግሥት ያንን ቃል ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ በሱ ዓይን ሞሮኳዊ ሁሌም ሞሮኳዊ ነው። እናም የስፔን ሕግ ሰውየውን ገና በመጀመሪያው የዜግነት ቀኑ ውጤት የሌለው ቃል ያስምለዋል።

ለዚህ ልዩነት የሚሰጠው ምክንያት ታሪክ ነው። ባለ ሁለት ዓመቶቹ አንድ ጊዜ በስፔን ጥላ ሥር የነበሩ፣ ቋንቋዋን የወረሱ ሕዝቦች ናቸው ይባላል። መልካም፣ ታሪኩን እንየው። ፊሊፒንስ ከስፔን እጅ የወጣችው በ1898 ነው፤ ዛሬ እዚያ ስፓንኛ የሚናገር ሰው ፈልጎ ማግኘት ችግር ነው። ሰሜን ሞሮኮ ግን ከ1912 እስከ 1956 ድረስ የስፔን ሞግዚት ግዛት ነበር፤ ዋና ከተማውም ቴቱዋን። በደቡብ ሞሮኮ ያለችውን ኢፍኒን ስፔን የለቀቀችው በ1969 ነው። ቴቱዋንና ናዶር ውስጥ የስፔንን ቴሌቪዥን እያዩ ቋንቋውን የለመዱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በሰሜን ሞሮኮ በሪፍ ተራሮች ላይ በ1920ዎቹ የስፔን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ጥለዋል፤ የጣልያንን መርዝ የቀመሰ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ፍራንኮ ከ60 ሺህ ያላነሱ ሞሮኳውያንን አሰልፎ አዋግቷል። ለመዋጋት ሲሆን የቅርብ ሰው፣ ለመታወቂያ ሲሆን የሩቅ ባዳ።

ሌላም አለ። በ2015 የስፔን ፓርላማ በ1492 ለተባረሩት አይሁዶች ተወላጆች ዜግነት የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ ስፔን ውስጥ አንድም ቀን መኖር አልተጠየቀም። ደግ ሥራ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት ከዚያችው አገር ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሞሪስኮዎች፣ ማለትም ተገደው የተጠመቁ የሙስሊም ተወላጆች፣ ተባርረዋል። ብዙዎቹ ራባትና ቴቱዋን ሰፈሩ፤ ዛሬም የአንዳሉሲያ ስም የያዙ ቤተሰቦች እዚያ አሉ። ለእነሱ ሕግ አልወጣም። ሁለት ግፍ፣ አንድ ይቅርታ። በዚህ መካከል የትኛው ባህል ነው «የማይዋሃደው»?

ይህ ሁሉ እንቅፋት እያለ በየዓመቱ የስፔን ዜግነት ከሚያገኙት የውጭ ሰዎች ዝርዝር አናት ላይ የሚገኙት እነማን ናቸው? ሞሮኳውያን። በ2022 ብቻ 55 ሺህ ያህሉ ስፔናዊ ሆነዋል። አልዋሃድም የሚል ሰው አሥር ዓመት ደረሰኝ እያጠራቀመ፣ ሕገ መንግሥቱን እያጠና፣ ፈተና ተቀምጦ ይሄንን አያደርግም። «አይዋሃዱም» ባዮች ግን ይህን ቁጥር ሲጠቅሱት ሰምቼ አላውቅም፤ ሞሮኳዊው ዜጋ የሆነ ዕለት ከመዝገባቸው ይሰረዝና ያልሆነው ብቻ ለምሳሌነት ይቀራል።

ስለ ድምፅም እናውራ። በስፔን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 13 መሠረት የውጭ ዜጎች በከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሊመርጡ ይችላሉ፤ ሁኔታው አገራቸውም ለስፔናውያን ያንኑ መፍቀዷ ነው። ኖርዌይ፣ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ቦሊቪያ፣ ኬፕ ቨርድ፣ ኒውዚላንድ ሳይቀሩ ስምምነት ፈርመዋል። ትልቁ የውጭ ማኅበረሰብ አገር፣ ሞሮኮ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የሞሮኮ የ2011 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ለዚህ በር ከፍቷል፤ ሁለቱ መንግሥታት ግን ስለ ድንበር ሲፈራረሙ ይህችን ወረቀት ሳይፈርሙ ቀሩ። ውጤቱን ለማየት የፖለቲካ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከነዋሪው ሩቡ ወይም ሲሶው የውጭ ሰው በሆነበት የሙርሲያና የአልሜሪያ ከተማ ሞሮኳዊውን የሚሰድብ ዕጩ አንድ ድምፅ አያጣም፤ የሚያከብረውም አንድ ድምፅ አያተርፍም። ስድቡ ነፃ ነው።

አሁን ወደ እርሻው እንውረድ፤ ነገሩ ራቁቱን የሚታየው እዚያ ነው።

የስፔን እንጆሪ በአብዛኛው የሚመጣው ከኡኤልቫ ነው። ለለቀማው በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ከሞሮኮ በኮንትራት ይመጣሉ። ሁለቱ መንግሥታት የተስማሙበት ሕጋዊ ፕሮግራም ነው፤ የአውሮፓ ባለሥልጣናት «ሥርዓት ያለው ስደት» እያሉ ለምሳሌነት ሲጠቅሱት ኖረዋል። ለዓመታት በተሠራበት ምልመላ የተፈለገችው ሴት ምን ዓይነት ናት? ከገጠር የመጣች፣ በእርሻ ሥራ የኖረች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትንንሽ ልጆች ያሏት። ልጆቹ አብረዋት እንዲመጡ አይደለም፤ እዚያው ቀርተው እሷን እንዲመልሷት ነው። ልጆቹ መያዣ ናቸው። ቪዛዋ የታሰረው ከአሠሪዋ ጋር ነው፣ መኝታዋ ብዙውን ጊዜ ከከተማው ርቆ እርሻው ዳር ነው፣ ወቅቱ ሲያልቅ ትመለሳለች። በ2018 አንዳንዶቹ ስለ ወሲባዊ ጥቃት ክስ ሲያቀርቡ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚሰማቸው ሰው ማግኘት ራሱ ጣጣ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ድንበር ሲያዘጋ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩት ሥራው አልቆ፣ ደመወዝ ቆሞ፣ ወደ ልጆቻቸው መሄጃ አጥተው እዚያው ቀርተዋል።

ልጇን ለእናቷ ትታ አረብ አገር የሄደች እህት ያለው አንባቢ ይህን ታሪክ ሌላ ስም ሰጥቶ ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የአረብ አገሮች የከፋላ ሥርዓት ልጅ መኖሩ ለአሠሪው ደንታው አለመሆኑ ነው፤ በኡኤልቫ ግን መመልመያ መስፈርት ሆነ። ከፋላን በየዓመቱ የሚያወግዝ ሪፖርት የሚጽፉት አውሮፓውያን እንጆሪውን በክሬም ይበሉታል።

እንግዲህ ይህችን ሴት «ለምን አልተዋሃደችም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እየቀለደ ነው። እንዳትዋሃድ ተብላ ነው የተመረጠችው።

አልሜሪያ ከኡኤልቫ ይለያል፤ እዚያ የሚኖሩት ወቅት ጠብቀው የሚመለሱ አይደሉም። ከ30 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ነጩ ምድር ከሕዋ ይታያል። ቃሪያው፣ ኪያሩ፣ ቲማቲሙ ክረምቱን ሙሉ ወደ ጀርመንና እንግሊዝ ይጫናል። ይህች ምድር ከሁለት ትውልድ በፊት የስፔን የድሃ ድሃ ነበረች፤ ልጆቿ አልጄሪያ ኦራን ድረስ፣ ኋላም ባርሴሎናና ጀርመን ድረስ እንጀራ ፍለጋ ተሰደዋል። ከዚያ ውኃና ፕላስቲክ መጣ፣ ከዚያ ሞሮኳዊው መጣ። ገበሬው ለሥራ ፈለገው፣ ለጎረቤትነት ግን አልፈለገውም። ከተማ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ጠፋ፤ ሠራተኛው በፈራረሱ የእርሻ ቤቶች፣ ከእርሻ በተረፈ ፕላስቲክና እንጨት በተሠሩ ጎጆዎች፣ ብዙውን ጊዜ መብራትና ውኃ በሌለበት ተበትኖ ኖረ። በየካቲት 2000 ኤል ኤሂዶ ላይ የአእምሮ ሕመም ያለበት አንድ ሞሮኳዊ አንዲት ወጣት ሴት ሲገድል፣ ከሳምንታት በፊትም ሁለት ገበሬዎች ተገድለው ስለነበር፣ ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ተሰበረ፣ መስጊድ ተዘረፈ፣ መኪና ተቃጠለ፣ ሰው በዱላ ተሳደደ። ወንጀሉን የፈጸሙት ግለሰቦች በሕግ ተይዘው ነበር፤ የተቀጣው ግን ሌላው ሁሉ ነው። ሞሮኳውያኑ መልሳቸውን በሥራ ማቆም ሰጡ፤ ቃሪያው ግንዱ ላይ መበስበስ ሲጀምር ነው ድርድር የተጀመረው። የመኖሪያ ቤት ቃል ተገባላቸው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ዛሬም ጎጆዎቹ ፕላስቲኩ መሃል ቆመዋል።

ሙርሲያ ውስጥ ያለችው የቶሬ ፓቼኮ የ2025ቱ ነገር ለኤል ኤሂዶ ታናሽ ወንድሙ ነው። አንድ የ68 ዓመት ሽማግሌ ሐምሌ ላይ መንገድ ላይ ተደበደቡ፤ ጥፋቱ በሞሮኳውያን ሁሉ ላይ ተደፍቶ ከሌላ ቦታ የመጡ የተደራጁ ቡድኖች በስልክ ተጠራርተው «ሞሮኳዊ አደን» ወጡ። የድብደባው ዋና ተጠርጣሪ የተያዘው በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ በባስክ ምድር ነው። የተሰባበረው የኬባብ ቤት ግን የቶሬ ፓቼኮ ነበር።

በዚያው ክፍለ ሀገር ሁሚያ የምትባል ከተማ በሳምንታት ውስጥ ሌላ ሥራ ሠራች። ሙስሊሞቹ ለዓመታት የኢድና የአረፋን ሶላት የሚሰግዱት በከተማው ስፖርት ሜዳ ነበር፤ ምክር ቤቱ ሜዳው «ለማንነታችን ባዕድ» ለሆነ ዝግጅት እንዳይውል ወሰነ። የስፔን ካቶሊክ ጳጳሳት ሳይቀሩ ውሳኔውን ተቃወሙ፤ ማዕከላዊው መንግሥትም እንዲሻር ጠየቀ። ልብ በሉ፦ ይህ ማኅበረሰብ የሚከሰሰው በራሱ ተዘግቶ በመኖር ነው። ተዘግቶ ከሚሰግድበት ጋራዥ ወጥቶ፣ በአደባባይ፣ ሁሉም በሚያየው የሕዝብ ሜዳ ላይ ሲሰግድ ደግሞ ወደ ጋራዥህ ተመለስ ተባለ። በ1992 የወጣው ሕግ ለሙስሊሙ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሃይማኖቱን ትምህርት የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ በብዙ ቦታ መምህሩ ዛሬም አልተቀጠረም። የመቃብር ቦታ ባለመኖሩ ብዙ አስከሬን አሁንም ባሕር ይሻገራል። ስፔን ውስጥ ለመቀበር እንኳ ቦታ ያላገኘ ሰው ልቡ ሞሮኮ ነው ተብሎ ይታማል።

የሚከራከሩኝ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ስም ይጠራሉ፤ ሪፖል። ነሐሴ 2017 ባርሴሎና ውስጥ ሰው መሃል መኪና የነዱትና ካምብሪልስ ላይ ስለት የመዘዙት ወጣቶች አብዛኞቹ ያደጉት በዚህች ትንሽ የካታሎኒያ ከተማ ነው። 16 ሰው ሞተ። ልጆቹ ካታላንኛ የሚናገሩ፣ ሥራ ያላቸው፣ ኳስ የሚጫወቱ ነበሩ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ወረቀት አጥተው አይደለም የገደሉት። ዛሬ ከንቲባዋ ሲልቪያ ኦሪዮልስ ስደተኞችን የሚቃወመውን ፓርቲዋን ያሳደገችው በዚያ ቁስል ላይ ነው።

ቢሆንም ሪፖል የሚያፈርሰው የእኔን ክርክር ሳይሆን የእነሱን ነው። ልጆቹ በከተማው መለኪያ ሁሉ «የተዋሃዱ» ነበሩ። ስለዚህ ቋንቋ ማወቅንና ኳስ መጫወትን እየቆጠሩ ማን አደገኛ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም ማለት ነው። ወጣቶቹን የመለመላቸው ኢማም በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ታስሮ የወጣ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ ሳይጣራ መስጊድ ተሰጠው። ያ የፖሊስና የአስተዳደር ጉድለት ነው፤ በስሙ መጥራት ነው። በመጋቢት 2004 የማድሪድ ባቡሮች ሲፈነዱም ከፈጻሚዎቹ መካከል ሞሮኳውያን ነበሩ፤ ከሟቾቹም መካከል ነበሩ።

በሞሮኳውያኑ ቤት ውስጥ ችግር የለም አልልም። የወላጆች ጫና በሴት ልጆች ላይ የሚበረታባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ናዶር አካባቢ ተወልዳ ቪክ ያደገችው ደራሲ ናጃት ኤል ሃሽሚ ስለዚህ በድፍረት ጽፋለች፣ በ2008 የራሞን ዩል ሽልማትን ያገኘችውም የአባትን አገዛዝ በሚመረምር ልቦለድ ነው። ነገር ግን ያቺን ልጅ ከአባቷ ቁጥጥር የሚያላቅቃት ምንድን ነው? የራሷ ሥራ፣ የራሷ ፈቃድ፣ የራሷ ዜግነት። በባሏ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥላ የገባች ሚስት የምትፈራው ባሏን ብቻ አይደለም፤ ወረቀቷንም ነው። ባህሉን የሚወቅሱት ሰዎች ባህሉን የሚያጠናክረውን ሕግ አይነኩም።

ወዳጅ ነን የሚሉትንም አልለቃቸውም። «ያለ እነሱ ቲማቲሙን ማን ይለቅማል? ጡረታችንን ማን ይከፍላል?» እያሉ የሚሟገቱ ደጋጎች አሉ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ለማኅበራዊ ዋስትና ከሚያዋጡት የውጭ ዜጎች መካከል ሞሮኳውያን ከግንባር ቀደሞቹ ናቸው። ነገር ግን ይህ መከላከያ ሰውየውን ቅርጫቱ እስከሞላ ድረስ ብቻ ያኖረዋል። በ2008 የግንባታው ሥራ ሲወድቅ መጀመሪያ የተባረሩት እነሱ ናቸው፤ ፈቃዱ የሚታደሰው ደግሞ መዋጮ ከፍሎ ከሆነ ነው። ሥራ ሲጠፋ ወረቀቱም ይጠፋ ነበር። ጥቅሙን እየቆጠረ የሚወድህ ሰው ኪሳራውንም እየቆጠረ ይጠላሃል፤ የቀኝ አክራሪው የቮክስ ፓርቲ ያደረገው ያንኑ ሒሳብ ገልብጦ ማንበብ ነው።

የሞሮኮ መንግሥትም ንጹሕ አይደለም። በግንቦት 2021 ከማድሪድ ጋር ሲኳረፍ በሰሜን አፍሪካ ያለችውን የስፔን ከተማ የሴውታን ድንበር ጥበቃ አላልቶ 8 ሺህ ሰው በሁለት ቀን አሻገረ፤ ከመካከላቸው ብዙ ልጆች ነበሩ። ውጭ ያሉት ዜጎቹ የሚልኩትን ገንዘብ ይወዳል፣ እዚያ ሥር እንዲሰዱ ግን አይቸኩልም።

የእግር ኳስ ተጫዋቹ ላሚን ያማል አባቱ ሞሮኳዊ ነው፤ ያደገው ማታሮ ውስጥ ሮካፎንዳ በሚባል የስደተኞች ሰፈር ነው። በ2024 ስፔንን የአውሮፓ ሻምፒዮን ካደረጉት አንዱ ሆነና ማንም መዋሃዱን አልጠየቀም። 18 ዓመት የሞላው ሐምሌ 13 ቀን 2025፣ ቶሬ ፓቼኮ በምትናወጥበት ሰሞን ነው። በዚያች ከተማ የተወለዱ እኩዮቹ በየቤታቸው በር ቆልፈው ነበር፤ የእነሱን ስፔናዊነት የሚያረጋግጥ ጎል አላገቡም።

የሚያስፈልገው ብዙ ዘመቻና የባህል ሳምንት አይደለም። አንቀጽ 22 ላይ ካሉት አገሮች ተርታ ሞሮኮን መጨመር፣ በአንቀጽ 13 የሚፈቀደውን የድምፅ ስምምነት ከራባት ጋር መፈረም፣ የኡኤልቫዋን ሴት ቪዛ ከአሠሪዋና ከልጆቿ መፍታት። ሦስቱም የማድሪድ ፊርማ ያስፈልጋቸዋል፤ የማንንም ባህል መለወጥ አያስፈልጋቸውም። የሚቀጥለው የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ በግንቦት 2027 ነው። ስምምነቱ እስከዚያ ካልተፈረመ ቶሬ ፓቼኮ አሁንም ከንቲባዋን የምትመርጠው፣ ብሮኮሊዋን ከሚያጭዱት ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ነው።